በቅበላ የተላከ የፋሲካ ሰላምታ

እንዳሻው ከሩቅ አገር ትምህርቱ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ በቅበላ፣ እናቱ ይታክቱ ድምፅ መቅጃው ፊት ተቀምጣ፣ «እህቴ ወርቅያንስ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ!» ስትል ሰማት። ጾሙ እንኳ ገና አልገባም።

እዚህ በጋላክሲው እምብርት አጠገብ፣ በተሰባሰቡት ወጣት ኮከቦች ዘንድ፣ ዘመድ በየኮከቡ ተለያይቶ ይኖራል፤ ድምፅም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል። እንዳሻው ልጅ ሳለ ለአክስቱ የፋሲካ ሰላምታ የሚላከው በሆሳዕና ነበር።

«እማዬ፣ የአክስቴ ኮከብ እየራቀ ነው እንዴ?»

«አንተ ደግሞ! ሻንጣህን ሳትፈታ ሰማይ ትለካለህ? የኮከባችን ምክር ቤት ሁሉም ባለበት ነው ብሏል።»

አላመናትም። «ለክርስትና እናቴስ መቼ ትልኪላታለሽ?»

«ትናንት ላክሁላት።»

ክርስትና እናቱ የምትኖረው ከአክስቱ በተቃራኒው ወገን ነው፤ ድሮ ለእሷም የሚላከው በሆሳዕና ነበር። ሁለቱም እኩል ርቀዋል ማለት ነው። እንዳሻው የያዘውን ሳህን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«የምንሄደው እኛ ነን» አለ። «እምብርቱ ከመሐላቸው መዞ እየወሰደን ነው።»

ይታክቱ ወደ ምድጃው ዞራ የቅበላውን ጥብስ ማገላበጥ ያዘች።

«ያመጣህ መርከብ ከእንግዲህ እዚህ አይደርስም» አለች። «ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

መቅጃውንም ገፋ አደረገችለት።

«በል፣ አክስትህን እንኳን አደረሰሽ በላት። ነገ ካልክ ፋሲካው ያልፍብሃል።»

«የከርሞውንስ መቼ ነው የምንልከው?»

«በጥምቀት» አለች፣ ሳታመነታ።