ጓዴ ምጽዋ ላይ ያየው ሰው

አባ ገብረ ሚካኤል በሩን በመቋሚያቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ጠበቁ። ሰማዩ ገና መቅላት መጀመሩ ነው። ከጀርባቸው ከቢቸና የመጣው ፋንታ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል፤ ከፋንታ ጀርባ ደግሞ መምህር ጓዴ፣ መሬት ብትከፈትለት ሳያመነታ የሚገባባት ሰው፣ አጥሩን ተጠግቷል። የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጅ ይጠባበቃሉ። በሞጣ መርዶ እንዲህ በማለዳ ነው የሚነገረው።

ጓዴ «ጎረቤት ነህና አትቅር» ተብሎ ነው የመጣው። መንገድ ላይ ፋንታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደምለው ያረፈው በኅዳር ነው፤ ምጽዋ ወደብ አብረን ስንሠራ ወባ ይዞት። የገነዝኩት እኔ ነኝ» ሲል ሰማ። ጓዴ ምጽዋ የሄደው በየካቲት ነው። መናገር የነበረበት እዚያው መንገድ ላይ ነበር። ግን ለቅሶው ሲጀመር የኔን ነገር ማን ያስታውሰዋል ብሎ ዝም አለ። የሰው ለቅሶ ተስፋ ያደረገ ሰው እንግዲህ ምን ይባላል።

እትዬ ወለተ ሐና በሩን ከፍተው ቄሱን ሲያዩ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። «የታመመው ወንድሜ ነው?»

«ግቢና ተቀመጪ፣ ወለተ ሐና» አሉ አባ። ሁሉም ገብተው ካበቁ በኋላ ጎንበስ ብለው፣ «ልጅሽ ደምለው ነው። እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሏቸው።

ለቅሶ አልመጣም። እትዬ ወለተ ሐና በረጅሙ ተነፈሱ፤ ፈገግም አሉ።

«አባቴ፣ አስደነገጡኝ እኮ። ደምለውማ ደኅና ነው። ይኸው ጓዴ አይቶት መጣ።» የጓዴን እጅ ይዘው ጎተቱና መደቡ ላይ ከጎናቸው አስቀመጡት።

«እናቴ፣ በኅዳር ነው» አለ ፋንታ። «በእጄ ነው የገነዝኩት።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ነው የቀበርከው፣ ልጄ። ጓዴ ያየው በየካቲት ነው። በጀልባ ተሳፍረው ባሕሩ መሀል እስካለችው አረንጓዴ ደሴት አብረው ሄደዋል። ማዕበሉ ጀልባውን ሲያናውጠው ይኼ ሲፈራ፣ ደምለው ከት ብሎ ስቆበታል። ከሕፃንነቱም እንዲያው ነው። የንጉሡን መርከብም አብረው አይተዋል። ባሕር ገብተው ዋኝተዋል፤ እኔ ልጄ ዋና የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።» ትንሽ አሰቡና ፊታቸው ጠየመ። «የዚያኛው እናት ግን ታሳዝናለች። ሂዱና እሷን አርዷት።»

ሁሉም ወደ ጓዴ ዞሩ።

ጓዴ ምጽዋ የቆየው አራት ቀን ነበር፤ በትምህርት ቤት ዕረፍት ለጉብኝት ከተመረጡ መምህራን ጋር። እትዬ ወለተ ሐና የልጃቸው ደብዳቤ ቢቋረጥባቸው ራሳቸው የፈተሉትን ጋቢ ጠቅልለው «ፈልገህ ስጥልኝ» ብለውት ነበር። ወደቡ ካረፉበት ቤት አይርቅም፤ ዕቃ የሚያወርደው ክሬን ከመስኮቱ ይታያል። አንድ ቀን ጥቅልሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጥቶም ነበር። ጓደኞቹ «ጀልባው ሊሄድ ነው» ብለው ሲጠሩት ተመለሰ። በማግስቱ የመርከብ ጉብኝት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ባሕር ገባ፤ እስከ አንገቱ ጠልቆ ጨዋማውን ውሃ እየተፋ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እንዳለ ሊትሪና የሚሉት ባቡር ወደ አሥመራ ይዞት ወጣ።

ሞጣ ሲደርስ እትዬ ወለተ ሐና ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። «አገኘኸው?» ሲሉት «አዎ» ከአፉ ወጣ። በዚያው ቢቀር ምን ነበረበት። እሳቸው ግን በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቅ እያሉ «እስቲ ንገረኝ» ይላሉ፤ እሱም የራሱን አራት ቀን እየቆረሰ ለደምለው አካፈለው። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ማውራቱ ይጥመው ነበር።

«መምህር» አሉ አባ ገብረ ሚካኤል ረጋ ብለው። «አይተኸዋል?»

«ሰው... ሳይመሳሰልብኝ አይቀርም» አለ ጓዴ። የገዛ ድምፁን ጠላው።

«እንዴት ይመሳሰልብሃል?» አሉ እትዬ ወለተ ሐና። አሁንም እጁን እንደያዙ ናቸው። «ቄሱን አትፍራ፣ ልጄ። ጋቢዬን ሰጥተኸው የለ? ንገራቸው።»

ከዚያ በላይ መዋሸት አቃተው። ደግ ሆኖ አይደለም፤ እጃቸው ይሞቅ ስለነበር ነው።

«ጋቢው እኔ ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ነው» አለ። «ወደቡ ድረስ አልሄድኩም፣ እትዬ። ልጅዎን አልፈለግኩትም። አላየሁትም።»

ጓዴ እንዲሰድቡት ተመኘ፤ ቢረግሙት እንኳ ይቀለው ነበር። እሳቸው ግን አፉን ብቻ ትኩር ብለው አዩት፤ ስንት ሳምንት ሙሉ ያን ሁሉ የሰሙት ከዚህ አፍ ነው።

«ጀልባው ላይ የሳቀውስ?»

«እኔ ነበርኩ።»

እጁን ለቀቁት። የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው ቀስ ብለው ጭኑ ላይ አስቀመጡለትና ወደ ፋንታ ዞሩ።

«ና፣ አንተ ልጅ፤ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ» አሉት። «በምን ገነዝከው?»

ፋንታ የሚቀመጥበት አጥቶ ሲቆም፣ ጓዴ ከመደቡ ተነሣለት።