ዳኛዋ ያለችው

ዓይናማው አሁንም ሳተ።

ጠላት ፊት ለፊቱ፣ ሜዳ ላይ ተገትሮ ነበር። እሱ ግን ከግድግዳው አቧራ አስነሳ እንጂ ሰውየውን አልነካውም። ስልኳ ላይ ያጎነበሰችው ሴት ቅንድቧን ቋጠረች። ዓመት ሙሉ በጌም አብሯት ሲዋጋ እንዲህ ሲስት አይታው አታውቅም፤ ዓይናማው ያለችውም ለዚሁ ነው። እውነተኛ ስሙንም አገሩንም አታውቅም። የምታውቀው ድምፁን ብቻ ነው።

«ዛሬ ምን ሆንክ? እጅህን ለማን አከራየኸው?» አለችው በማዳመጫዋ ማይክ።

«ዳኛዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

ዳኛ አይደለችም፤ ሆስፒታል ውስጥ ደም ትመረምራለች። ስሙን ያተረፈላት አፏ ነው። ቡድኑ ሲተኩስ እሷ ትፈርዳለች፤ ስለ ሕጉ፣ ስለ ሕዝቡ ጠባይ፣ ስለ አዲሱ ክትባት፣ ስለ ጌሙ ስልት። «አስተያየት ቢያልቅባት ተበድራ ትናገራለች» ይሏታል።

«ሰው ደም እየፈሰሰው ምን ያህል ይቆያል?»

«ከየት እንደሚፈሰው ነዋ። ዋናው የደም ሥር ከተቆረጠ ደቂቃዎች ናቸው። ቀስ እያለ ከሆነ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ለምን ጠየቅክ?»

«እንዲያው። ሳይንስ ትወጂ የለ?»

ከድምፁ ጀርባ ዝናብ ይሰማል። የቤት ጣሪያ የሚመታ ዝናብ ራቅ ብሎ ነው የሚሰማው፤ ይኼ ግን ጆሮው ሥር ነው፣ የታፈነ። መኪና ውስጥ መሆን አለበት። ሞተሩ ጠፍቷል። የሚተነፍሰውም በአፉ ነው።

ይህን ስታሰላ ዓይናማው ተመታና በጉልበቱ ወደቀ። በዚህ ጌም የወደቀን ጓደኛ ቶሎ ካላነሱት ይሞታል፤ ሲሞት ከጨዋታው ይወጣል፤ ድምፁም ይቋረጣል። እሷ ደግሞ የታወቀ ሕግ አላት፦ ለወደቀ አይመለሱም፣ አንዱ ሬሳ ሁለት ይሆናል። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ቅድም በዚሁ ሕጓ ሞተው፣ እየተራገሙ ወጥተዋል።

«በይ ደህና ሁኚ» አለ።

አባባሉ ለጌም የሚሆን አልነበረም። ዞራ ወደ እሱ ሮጠች።

«ምን ነካሽ? አይመለሱም አላልሽም?»

«ዝም በል!» አነሳችው። «የት ነህ?»

«ግቢዬ ውስጥ።»

«ግቢህ ከሆንክ መኪና ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

ቅድም ስለሚፈስ ደም መጠየቁን ከዚህ ጋር አገጣጠመችው።

«ወንድሜ፣ ማንን ነው የገጨኸው?»

«ሽማግሌ ናቸው» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «ጃንጥላቸው ነው መጀመሪያ የታየኝ። ቦይ ውስጥ ወደቁ። እጃቸው ይንቀሳቀስ ነበር።»

«ጥለሃቸው ሄድክ?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽው? የቆመም የሸሸም እኩል ነው የሚታሰረው፣ ሕጉ ለቆመ ምስጋና የለውም ያልሽው? ሕዝቡ መጀመሪያ ይደበድባል፣ ከዚያ ነው የሚጠይቀው ያልሽው? ባለፈው ሳምንት!»

ብላለች። ካልሲ እያጠፈች፣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ነበር ያለችው። ሁሉም ስቀውላት ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ደግማ ሳታይ አንድ ውጤት ፈርማ አታውቅም። ያንን ሕግ ግን የሰማችው ከታክሲ ሹፌር ነው።

በግራ በኩል የጠላት ኮቴ ተሰማ። ከዓይናማው ፊት ቆማ ተኮሰች።

ሕጉ ያዝንልሃል ልትለው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዋጠችው። ይኼንንም አታውቀውም።

«ስማኝ» አለችው። «ስለ ሕግ የማውቀው ነገር የለም። ዝም ብዬ ነው የቀባጠርኩት። ስለ ደም ግን ትንሽ አውቃለሁ። ከሄድክ ብዙ ሆነህ?»

«ብዙም አልሆነኝም። ገብቼ... የማናግረው ሰው አጣሁ። ጌሙን ከፈትኩት።»

«እንግዲያው በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ። እርግጠኛ አይደለሁም። ቦታውን ንገረኝ።»

«ይይዙኛል።»

«አዎ፣ ይይዙሃል።»

ታናሽ እህቷ በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። «አንቺ፣ ጦርነቱ አላለቀም?» ብላ ስትስቅ የእህቷን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

«ስልክሽን አውጪ! አምቡላንስ!»

ሰውየው በማዳመጫው ውስጥ ከተማውን ተናገረ። ከድንጋይ መፍጫው አለፍ ብሎ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮረኮንች። እሷ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብላ ደገመች፤ እህቷ ለአምቡላንሱ አቀበለች።

«ተጠርቷል። ግን በዚህ ዝናብ ኮረኮንቹ ያዘገየዋል። አንተ ቅርብ ነህ?»

«ቅርብ ነኝ።»

«ሂድ በቃ። የሚደማውን ቦታ በጨርቅ ተጫነው፣ እጅህን እንዳታነሳ። አንገታቸውን አታንቀሳቅስ። ጌሙንም አትዝጋው፤ እየሰማሁህ ነው።»

ሞተር ተነሳ። ጌሙ ላይ ዓይናማው መሣሪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እሷ በዙሪያው እየዞረች ተኮሰች። ጠላቶች በቀኝ መጡ፣ መለሰቻቸው። ከኋላ መጡ። ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲንሸራተት ሰማች፤ ትንፋሹን ሰማች። እህቷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ጥይቷ አለቀ።

የመኪና በር ተከፈተ፤ ዝናቡ በአንዴ ጆሮዋን ሞላው። የሚሮጥ እግር። የሚናድ ጠጠር።

«አባቴ!» አለ ሰውየው ከሩቅ። «አባቴ፣ ይሰሙኛል?»

ስክሪኗ ቀላ፤ ተመትታለች። ጣቶቿን ከስልኩ ላይ አነሳች። ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና፣ ከዝናቡ ውስጥ ሌላ ሰው ሲተነፍስ ለመስማት ዓይኗን ጨፈነች።