ክዳኗ ላይ የተገኘው ምራቅ

ተቆጣጣሪው ዛሬም ጠዋት ምራቅ አገኘ።

ኮሪደሩ ውስጥ በቆመችው ባለ አንድ ጎማ የኤሌክትሪክ መንኮራኩሩ ላይ ነበር። ያውም ሌላ ቦታ ጠፍቶ፣ የጎማዋን ንፋስ በምትለካው ትንሽ ክዳን ዙሪያ። ገና አልደረቀም። አረፋ ይዟል።

ሥራው የምግብ ቤቶችን ንጽሕና መቆጣጠር ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቆሻሻ ሲያይ ይውላል፤ ምድጃ ሥር የተጋገረ ቅባት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሸተተ ሥጋ፣ አፍንጫውን በጠረገበት እጁ ሰላጣ የሚከትፍ ወጥ ቤት። ቤቱ ሲገባ ንጹሕ ነገር ማየት ይፈልጋል። ይህ ብዙ መጠየቅ አይመስለውም ነበር፤ አማቹ አብረውት መኖር እስኪጀምሩ ድረስ።

አማቹ፣ የሚስቱ አባት፣ ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ይኖራሉ። ሰማዩ ሳይገለጥ ይነሣሉ። ከዚያ ያ ድምፅ ይጀምራል፤ ህስስ፣ ህስስ፣ ህስስ። ተቆጣጣሪው የሽማግሌውን ደረት ሲያፏጭ በግድግዳው በኩል እየሰማ ትራሱን ጆሮው ላይ ይጭናል። ሲነሣ ደግሞ ነጩ ፎጣ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ ይጠብቀዋል።

"እጃቸውን የት ከተውት ነው እንዲህ የሚጠቁረው?" ይላታል ሚስቱን።

"ፎጣ አይደል፣ ይታጠባል" ትለዋለች። አስተማሪ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ለፎጣ ክርክር ጊዜ የላትም።

ምራቁን በሦስት ሶፍት ጠረገና ስልኩን አስጠጋ። ክዳኗ የንፋሱን ልክ የምትናገረው ስልኩ አጠገቧ ሲደርስ ብቻ ነው። አርባ አለች። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት ወዲያውም። ይህን ቁጥር ሳያይ ከቤት አይወጣም። ባለ ሁለት ጎማ አንዱ ቢተነፍስ በሌላው ይንገዳገዳል፤ በአንድ ጎማ የሚሄድ ሰው ግን ጎማው ከከዳው አስፋልቱን በፊቱ ነው የሚቀበለው። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቁልቁለት ነው።

"ከገዛኋት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ንፋስ ሞልቼላት አላውቅም" እያለ ለባልደረቦቹ ይጎርራል። እነሱም "አንድ እግሩ" ብለው ስም አውጥተውለታል።

ስሙ አያናድደውም። የሚያናድደው የአማቹ ሳቅ ነው። መንኮራኩሯን ይዞ የገባ ዕለት ሽማግሌው ዙሪያዋን አይተው፣ "የቀረውን ጎማ ነገ ያመጡልሃል?" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ያን ቀን ቂም ያዘ። እና አሁን ይተፉባታል።

በዚያው ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አገኛቸው።

"አባባ፣ ይቺን ነገር ይነካሉ?"

"ልጄ፣ ይቺ ጎማ እኮ..."

"እባክዎ አይንኩብኝ! የጎማዋን ፓምፕም ከምስማሩ አውርደው ጫማ መደርደሪያው ላይ ጥለውታል። የሰው ዕቃ ምን ያደርግልዎታል?"

"እኔማ ብትወድቅስ ብዬ..."

"መውደቄን ነው የሚጠብቁት?"

ሽማግሌው ክፍላቸው ገቡ።

ማታ ለሚስቱ ቁርጡን ነገራት። ምራቅ እየጠረገ እንደማይኖር፣ ወይ አባቷ ወይ እሱ እንደሚወጡ ነገራት።

"አባቴ ሰው ላይ አይተፉም" አለች።

"ሰው ላይ አላልኩም።"

"ወንድሜ ጋ ልላካቸው? ልጆቹ እንኳ የሚተኙት መሬት ላይ ነው። አባቴ በዚህ ዕድሜያቸው?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ እያለቀሰች እንደሆነ ግን አልጠፋውም።

በነጋታው አማቹ ወደ ወንድ ልጃቸው ቤት ለመሄድ ሳይለመኑ ሻንጣቸውን ያዙ። ያላቸው ሁሉ አንድ ሻንጣ አልሞላም። ከበሩ ሲወጡ ወደ እሱ ዞር አሉና፣

"ልጄ፣ ቁልቁለቷ ላይ ቀስ በል" አሉት።

ዛቻ አድርጎ ወሰደው።

በማግስቱ ቤቱ ጸጥ ያለ ነበር። ደረት የለም፣ ህስስ የለም። ፎጣው እንደ ነጣ ተሰቅሏል። ኮሪደሩ የሳሙና ሽታ ብቻ ይሸታል። ክዳኗ ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ደረቅ ናት። ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ አለ።

ስልኩን አስጠጋ። ቁጥሩ ቀይ ሆኖ በግማሽ ወርዷል።

"የስንብት ስጦታቸው ነዋ!" ብሎ ጮኸ። ሚስቱ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ አለች። "ተመልከቺ የአባትሽን ሥራ! ምን እንዳደረጓት ባለሙያ መርምሮ ይነግርሻል።"

እሱም መንኮራኩሯን በእጀታዋ እየጎተተ መንገዱ ማዶ ወዳለው ጎሚስታ አመራ።

የጎሚስታው ቤት ጥቀርሻና የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ተቆጣጣሪው ምንም ላለመንካት እጆቹን ኪሱ ከትቶ ታሪኩን ከሥሩ ተረከ፤ ሳቁን፣ ምራቁን፣ ዛቻውን። ጎሚስታው እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ክዳኗን ፈትቶ ጎማዋን ሞላ፣ ክዳኗን መልሶ አጠበቀ፣ ጣቱን ላሰና ዙሪያዋን ምራቅ ቀባት።

ተቆጣጣሪው ወደ ኋላ አፈገፈገ። "ምን ማድረግህ ነው?"

"እያት።" ምራቁ አረፋ እያወጣ ነበር። "የምታስተነፍሰው ይቺው መለኪያህ ናት። ከገጠምካት ጀምሮ እንዲህ ሌሊቱን ሙሉ ስታስወጣ ነው የምታድረው።"

ጎሚስታው ጥቁር ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ለመሆኑ እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ማን ነበር የሚነፋልህ?"