ፊቷ የሚያሳብቅ ልጅ

አቶ ኪዳነ ፖከር ሲጫወቱ ፊታቸው ድንጋይ ነው። በኬሚካል ፋብሪካ በሠሩባቸው ሠላሳ አራት ዓመታት በምሳ ሰዓት አብረዋቸው ካርታ የጨበጡ ሁሉ፣ ጀርመኑም ቱርኩም፣ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደያዙ ማወቅ አልቻሉም።

አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እዚያው ጀርመን አገር፣ ፕሮይንገስሃይም በሚባል ሰፈር በገዙት አፓርታማ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሚጫወቱት ከአንድ ልጃቸው ከለተስላሴ ጋር ብቻ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፤ ሽምብራ እያስያዙ ይጫወታሉ።

ለተስላሴ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ሁልጊዜ ትሸነፋለች።

«ፊትሽ ያሳብቅብሻል» ይሏታል። «ጥሩ ካርታ ሲመጣልሽ ከንፈርሽን ትነክሺያለሽ። እኔ ካርታ አላነብም፤ ሰው ነው የማነበው።»

«ምን ላድርግ ባባ፣ እናቴን ወጥቼ ነው» ትላለች እየሳቀች።

አንድ እሁድ የጣለችውን ካርታ ገለጥ አድርገው ቢያዩ ሁለት ንግሥት ነበር። እሳቸው የያዙት ግን የረባ ነገር አልነበረም።

«ይህን ይዞ የሚጥል ሰው አለ?»

«ፈራኋ!»

«ፍርሃት ውሳኔ አይደለም። ማን አስያዘ፣ ለምን አስያዘ፣ ምን ፈልጎ ነው ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ከዚያ ትወስኛለሽ። ውሳኔሽ ትክክል ከሆነ ብትሸነፊ እንኳ አይቆጭሽም።»

«አልስ ክላር፣ ገብቶኛል ባባ» አለችና ሽምብራውን ገፋችላቸው።

በመጋቢት ግን የምር ጨዋታ መጣ። የአቶ ኪዳነ ጉልበት ደክሟል፤ ደረጃው ዳገት ሆኖባቸዋል። ለተስላሴ እንዳለችው ከኢንሹራንሱ አንዲት ሴት መጥታ ታያቸዋለች። በጣም ተዳክመው ካገኘቻቸው ረዳት በየቀኑ ቤታቸው ድረስ ይላክላቸዋል። ደህና መስለው ከታዩ ግን ምንም የለም፤ ያኔ ወደ አረጋውያን መኖሪያ መግባት ሊመጣ ነው።

«ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው» አሉ አቶ ኪዳነ።

«እኔስ ምን አልኩ? ግን ለጉልበት ብዙ አይሰጡም ባባ። ለመርሳት ነው የሚሰጡት። ሐበሻው ሁሉ የረሳ እያስመሰለ ነው።»

አቶ ኪዳነ ጥቂት አሰቡና ፈገግ አሉ። ስንቱን በካርታ ያታለለ ሰው አንዲት ጸሐፊ ማታለል ያቅተዋል?

«ብሉፍ፣ ማስመሰል፣ ከመጀመሪያው ካርታ ነው የሚጀምረው» አሉ። «መሃል ላይ ከጀመርሽው ይነቃብሻል።»

ስለዚህ ለልምምድ ብላ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ሰዓት ይሳሉ ሲላቸው ዐሥራ ሁለቱንም ቁጥሮች በአንድ ጎን አጨናነቋቸው። ሲመለሱ ኡባን ባቡሩ ውስጥ አባትና ልጅ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እኔ ለራሴ አልሰጋም» አሉ አቶ ኪዳነ እንባቸውን እየጠረጉ። «የምሰጋው ላንቺ ነው። ሴትዮዋ ፊትሽን ካየች አለቀልን።»

«መሬት መሬት አያለሁ።»

ሰኞ ዕለት አንድ ባልና ሚስት ሕፃን ልጅ ይዘው መጡና መስኮቶቹን ለኩ። ከቤት አስተዳደሩ ናቸው፣ መስኮት ሊቀየር ነው አለች ለተስላሴ። ሕፃኑ በረንዳው ላይ ሲሮጥ አቶ ኪዳነ ብስኩት ሰጡት።

የሴትዮዋ ቴርሚን፣ ቀጠሮው፣ ሐሙስ ነበር። ለተስላሴ በጠዋት መጥታ የአባቷን የሸሚዝ ቁልፎች አዛንፋ ቆለፈች። የመስሚያ መሣሪያቸውንም ከጆሯቸው አውልቃ ኪሳቸው ውስጥ ከተተችው።

«እኔ ጮክ ብዬ እነግርሃለሁ። እንዳልሰማ ሁን ከምልህ ባትሰማ ይሻላል» አለች።

ሴትዮዋ ግራጫ ኮት ለብሳ መጣች። በር ላይ ከለተስላሴ ጋር ረጅም ወሬ አወሩ፤ ለአቶ ኪዳነ የደረሳቸው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ለተስላሴም ጥያቄውን በጆሯቸው ትጮህ፣ መልሳቸውን ለሴትዮዋ ትተረጉም ጀመር።

«ዛሬ ምንድን ነው ትልሃለች!»

«ፋሲካ።»

«ደብዳቤ ሲመጣልህ ማን ያነብልሃል!»

«እናቴ።»

«እኔስ ማን ነኝ?»

አቶ ኪዳነ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩ። ከሁሉም የከበዳቸው ይኸኛው ነበር።

«የፋብሪካው ነርስ» አሉ።

የለተስላሴ ዐይን እንባ አቀረረ። አቶ ኪዳነ ትስቃለች ብለው ነበር የፈሩት። ጎበዝ፣ አሉ በልባቸው፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ አላሳበቀባትም። ኮሩባት።

ሴትዮዋ ብዙ ጻፈች። ገላቸውን መታጠብ ይችሉ እንደሆነ፣ ደረጃ ይወጡ እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። ስትጨርስ ቦርሳዋን ዘጋች። ያን ጊዜ አቶ ኪዳነ ድሉን በገዛ ጆሯቸው ለመስማት ቸኩለው መሣሪያውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰኩት።

ሴትዮዋ አይታቸው ጎንበስ አለች። ጀርመንኛውን ቀስ አድርጋ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ተናገረች።

«አሁን ይሰሙኛል፣ አቶ ኪዳነ? እኔ የፍርድ ቤት ዳኛ ነኝ፤ የሐኪሙንም ወረቀት አይቻለሁ። ከእንግዲህ ስለ ቤትዎ ሽያጭም፣ የት እንደሚኖሩም የምትወስንልዎ ልጅዎ ናት። የአረጋውያን መኖሪያው ውስጥ ክፍል ይዛልዎታለች።»

አቶ ኪዳነ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡና በጀርመንኛ ጮኹ።

«ውሸት ነው! ዛሬ ሐሙስ ነው! ይቺ ልጄ ናት፣ ለተስላሴ ነው ስሟ! ሳስመስል ነው የቆየሁት፣ እሷው ናት አድርግ ያለችኝ! ንገሪያት እንጂ!»

ለተስላሴ መሬት መሬት አየች።

ዳኛዋ የለተስላሴን ትከሻ ዳሰስ አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልክ ቀደም ሲል በደብዳቤዎ እንደጻፉልኝ ነው» አለቻት፤ «ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ‹ሳስመስል ነው የቆየሁት› ይላል ብለውኝ ነበር።»