የሾፌሩ ነጭ ጋውን

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ኮሌጅ የላከችው ራሷ ናት። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ የመጣውን ነገር በማንም ላይ ማላከክ አልቻለችም።

ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ወገቡ እምቢ ሲለው መሪውን ተወ። አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ ዘበኝነት አገኘሁ ብሎ ደስ እያለው መጣ። እሷ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ የዘበኛ ሚስት አልባልም» አለችው። «ድሮ ያቋረጥከውን ትምህርት ቀጥል። ነርስ መሆን አልነበር ምኞትህ?»

«አሁን? ከሸበትኩ በኋላ?»

«ሽበት መርፌ ከመውጋት አያግድም።»

የመግቢያ ፈተናውን ተፈተነ። ውጤት ሊያይ የሄደ ዕለት እሷ ነጭ ጨርቅ ገዝታ፣ ቆርጣ፣ ጋውኑን መስፋት ጀምራ ነበር። ሰፈሩም ሰምቷል። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጨርቁን አየው፤ ብዙ አየው።

«አለፍክ አይደል?»

«ጋውኑ መቼ ይደርሳል?» አላት።

ዘላ አቀፈችው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጋውኑን በፌስታል ይዞ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። የሰፈሩ ሰው «ዶክተር!» ሲለው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ኮሌጁ የኪስ ይሰጠናል እያለ ለቤቱም ትንሽ ትንሽ ያመጣል። «እንዴት ዋልክ?» ስትለው «ተኝቼ» ይላታል። ይሳሳቃሉ።

መጀመሪያ ያሳበቀበት ጋውኑ ነው። እሷ ተኩሳ ባጠፈችው እጥፋት ይወጣል፣ በዚያው እጥፋት ይመለሳል። ክርኑ አልተጨማደደም፣ ኪሱ ቀለም አልነካውም። የሰፊ ዓይን ደግሞ እንዲህ ያለውን አይስትም። ጋውኑን ካልለበሰው ትምህርት ቤት አልዋለም ማለት ነው። ታዲያ የት ዋለ?

ሱቋ ውስጥ ቁልፍ የምትተክል ሴት አብራት ትሠራለች። አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ ይሏታል። ነገሩን ለእሷ አነሳችላት።

«ሴት ይዟል» አለች ሬዲዮ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ።

«ተይ እንጂ!»

«ምን ተይ ትይኛለሽ እህቴ? ያ ሁሉ ቆንጆ ወዳለበት ግቢ በገዛ እጅሽ ተኩሰሽ ሰደድሽው።»

«የኔ ባል እኮ ወገቡን ያመዋል።»

«እሱ ቤት ሲገባ ነዋ የሚያመው።»

ልብስ ሰፊዋ ልትስቅ ብላ ጣቷን በመርፌ ወጋች።

የዚያን ዕለት ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ደረቱ ላይ ክብ ክብ ቀይ ምልክት አየች። አንድ ሁለት አይደለም፤ ከጡቱ ሥር እስከ ጎኑ ተሰልፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እ? ሽፍታ ይሆናል» አለና ሸሚዙን መልሶ ለበሰ። ዓይኗን አላያትም።

በማግስቱ እሁድ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ዘጋ። ጆሮዋን በሩ ላይ ጣል ብታደርግ ያቃስታል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ፣ ከዚያ እንደገና ቀስ ብሎ። ህሊናው እያሰቃየው ነው አለች በልቧ። ምስኪን፣ ዘበኛ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ አለች።

እሱ ሳይወጣ ስልኩ ጠራ። የሰው ስልክ አንስታ አታውቅም፤ አነሳች። ሃሎ እንኳ ሳትል የሴት ድምፅ ቀደማት።

«ነገ በጠዋት ድረስልኝ እባክህ። ሌላ ሰው ሞክሬ ነበር፣ እንዳንተ የሚሆንልኝ አጣሁ።»

ቀስ ብላ ዘጋችው። ባሏ ሲወጣ ጋውኑን ተኮሰችለት።

ሰኞ ጠዋት ክር ልገዛ ነው ብላ ሬዲዮን ዋሸቻትና ባሏን ተከተለችው። ራሷ ሌባ የሆነች መሰላት። የኮሌጁን በር አልፎ ሲገባ እፍረት ወረራት። ይኸው ትምህርቱ ላይ ነው፣ ያንን ሁሉ ኃጢአት ያሸከምኩት በከንቱ ነው ብላ ልትመለስ ነበር። እሱ ግን ተማሪው የሚጋፋበትን የመማሪያ ክፍል ትቶ ወደ ጓሮ ታጠፈ። ጓሮ መጋረጃው የተዘጋ አንድ ዝቅ ያለ ቤት አለ። በሩ ላይ ደልደል ያለች ሴት ቆማ ትጠብቃለች።

«መጣህልኝ!» አለችና ክንዱን ይዛ አስገባችው።

ልብስ ሰፊዋ ዛፍ ሥር ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ብትመለስ ምንም እንዳላየች ሆና መኖር ትችላለች። ትዳሯን ይዛ፣ ጥፋቷንም ይዛ። ብትገባ ግን አለቀ። ስትገባ የምትለውን ፈለገች፤ «ማረኝ» የሚል ብቻ መጣላት፤ እሱ ነበር ይህን ሊላት የሚገባው።

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ከውስጥ ማቃሰት ይሰማል። ያው የመታጠቢያ ቤቱ ማቃሰት ነው።

«እዚህ ጋ ነው?» አለች ሴትየዋ።

«ኧረ ቀስ!» አለ ባሏ።

በሩን በመዳፏ ገፋችው። ባሏ አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ደረቱ ራቁቱን ነው። የሴትየዋ እጅ ደረቱ ላይ ነው።

አልጋውን ከበው የቆሙት ነጭ ለባሽ ወጣቶች ዞር ብለው አዩዋት፤ ሴትየዋ ግን ቀና ሳትል፣ የልብ መመርመሪያውን ክብ ክብ መምጠጫዎች ከደረቱ እየነቀለች፣ «ተማሪዎች፣ ጨርሳችኋል፣ ውጡ፤ አንተ እንዳትነሳ፣ የልብ ሕመሙ በቃህ፣ ለሚቀጥለው ክፍል የሚያምህ ጨጓራህን ነው» አለችው።