የቀለለው ፍሪሲዮን

አባቷ የግራ እጁን ጣቶች የሞተር ብስክሌቱ ፍሪሲዮን እጀታ ላይ ሲያሳርፍ፣ መካኒኳ ልጁ በእጇ የያዘችውን ጨርቅ ጭምድድ አደረገችው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ እግሩ ሲድን እጁ ግን እንደደከመ ቀርቶ ነበር። እሷም ስድስት ወር ሙሉ የለፋችው ለዚያ እጅ ነበር፤ ሩቅ አገር ይጓዝባት የነበረችውን አሮጌ ሞተር ብስክሌቱን ከዝገት አወጣች፣ ወገቡ እንዳይጎብጥ መሪዋን ከፍ አደረገች፣ ጠንካራውን ፍሪሲዮን አውልቃ ሕፃን እንኳ የሚጨብጠው ቀላል ገጠመችለት።

ሞተሩ ተነሥቶ ማጉረምረም ጀመረ። ጣቶቹ ፍሪሲዮኑን እስከ ግማሽ ስበው ቆሙ።

"ቀስ በል አባዬ፣ ማንም አያባርርህም።"

"ዝም በይ፣ ከእጄ ጋር እየተነጋገርኩ ነው።"

ፍሪሲዮኑ ቀስ እያለ እስከ ጥግ ገባ። ማርሽ አስገባ፣ ለቀቀ፣ ሞተር ብስክሌቷ አንድ እርምጃ ያህል ተራመደች፤ መልሶ ጨበጠና አቆማት። ፊቱ በራ። ልጁ የጋራዡን በር ልትከፍትለት ሮጠች። ዞር ስትል ግን ወደ ኋላው መቀመጫ ተንሸራቶ አገኘችው።

"ምነው? ቻልክ እኮ!"

"ቻልኩ። ማወቅ የፈለግኩት እሱን ነበር። አሁን አንቺ ንጂ።"

"አባዬ፣ ለአንተ ብዬ እኮ ነው የሠራኋት።"

"አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ሳመላልስሽ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከኋላዬ ሆነሽ ምን ነበር የምታዪው?"

ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቋ አመለጣት። "ጀርባህን ነዋ!"

"በይ እንግዲህ፣ ዛሬ ደግሞ እኔ ያንቺን ልይ።"

ከፊቱ ወጥታ ተቀመጠች። አገጩን ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍ ተሰማት።