የሴት አስተጣጠፍ

የሜቭ ልጅ ከሚጣለው ዳይፐር ወደ ጨርቅ በዞረበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ አማቷ ትናንት ገመድ ላይ ፀሐይ የጠገበውን ነጭ ጨርቅ ጭናቸው ላይ ዘረጉት። የኒውፋውንድላንድ ደሴት ጭጋግ ከባሕሩ ተነስቶ በረንዳው ድረስ ገብቷል። "የኛ ዘመን ነገር ለእናንተ ፋሽን ሆነላችሁ" አሉ እየሳቁ። ከዚያ እጃቸው፣ ሕልም እንደሚያይ ሰው፣ ጨርቁን እየዳበሰ አጠፈው። ሽንት የሚመጥጠው ድርብ መሃል ላይ አረፈ።

"እማማ፣ ወንድ እኮ ነው። ለወንድ ከፊት፣ ለሴት ከመሃል ይደረባል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

እጃቸው ቆመ። "እጄ መጀመሪያ የለመደው በሷ ነው" አሉ፣ ጭጋጉን እያዩ።

ሜቭ ባሏን ያገባችው አንድ ለእናቱ ነው ተብላ ነበር። ጨርቁን እንደታጠፈ ተቀብላ፣ ለልጇ ስሟን እንኳ በማታውቃት አክስቱ አስተጣጠፍ አሰረችለት።